ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም

 

ዛሬ የምናገረው ስለ ድመት አስም ነው። ሰው ከነሳሉ በሚያርስበት፣ ከብት መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር፣ ስለ ድመት ትንፋሽ ለማውራት ሰው መሰብሰብ ምን የሚሉት ነው የሚል በመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔን ወደዚህ ያመጣኝ የቆየ ነገር ነውና ከዚያ ልጀምር።

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ሻሼ የምትባል ድመት ነበረች። ግራጫ ናት፣ ደረቷ ብቻ ነጭ። እናቴ «የጎታዬ ዘበኛ» ትላት ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ሻሼ ባለችበት ዘመን አይጥ ጎታችንን ደፍሮ አያውቅም። ማሽላው ተቆርጦ አውድማ ላይ ሲወቃ፣ እብቁ በነፋስ ተነስቶ መንደሩን ሲያለብሰው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለት ነው፣ ሻሼ ማሳል ትጀምራለች። ሌሊት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ አንገቷን ወደ ፊት መዝዛ፣ ደረቅ ሳል ደጋግማ ትስላለች። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር የዋጠች ትመስልና ዝም ትላለች። አንዱ «አጥንት ተሰንቅሮባት ነው» ይላል። ሌላው «የላሰችውን ፀጉር ልታስመልስ ነው» ይላል።

እናቴ ልጆቿ ሲያስላቸው የምታደርገውን አደረገች። ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣ በቅቤ ለወሰች፣ የሻሼን አፍ ፈልቅቃ ጠዋትና ማታ ታጎርሳት ጀመር። እኔ እግሯን እይዝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሻሼ ከተኛችበት መነሳት አቃታት፤ ድዷ እንደ ወረቀት ነጣ። በሦስተኛው ሳምንት ጎታው ሥር ሞታ አገኘናት።

ሽንኩርቱ ብቻ ነው የገደላት ብዬ አልምልም፤ ሳሉም አድክሟታል። ነገር ግን ዓመታት አልፈው ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ስማር፣ መምህራችን ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ እንዴት እንደሚያፈርስ ሲያስረዳን፣ እጄ ደብተሬ ላይ ቆመ። ያችን ነጭ ድድ አየኋት። ለእናቴ የነገርኳት ብዙ ካመነታሁ በኋላ ነው። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከዚያ «ታዲያ ያኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» አለችኝ። ያን ጊዜ አልመለስኩላትም፤ መልሱ ረጅም ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያ መልስ ነው።

ድመትና ሰው የተገናኙት በእህል ምክንያት ነው። ዛሬ ዓለምን የሞሉት የቤት ድመቶች ዘራቸው ከአፍሪካ የዱር ድመት የሚመዘዝ መሆኑን የዘር ጥናት አረጋግጧል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣ ድመት ተከተለች። ቆጵሮስ ደሴት ላይ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው ጎን የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። ይህ ውል እዚህ በቆቦ ግራና ሸለቆ ዛሬም ያው ነው። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል የማሽላና የጤፍ ዘር ለማሻሻል የሚደክመው፣ ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የሚለፋው፣ ሁሉም መጨረሻው ጎታና ጎተራ ነው። ጎታውን ሌሊት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሙስሊም ወገኖቼ የነቢዩን ባልደረባ የአቡ ሁረይራን ስም ትርጉም ታውቃላችሁ፣ የድመቷ ግልገል አባት ማለት ነው። ድመትን አስራ በማስራቧ ስለተቀጣች ሴት የተነገረውንም ሰምታችኋል። ስለዚህ በዚህ አገር ለድመት ማዘን ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው የሚለኝን አልቀበለውም።

ወደ ሕመሙ ልግባ። አስም የሳንባ ቁጣ ነው። በሳንባ ውስጥ አየር የሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ሌላውን ድመት ምንም በማያደርገው ነገር፣ በአቧራ፣ በጢስ፣ በአበባ ብናኝ ይቆጣሉ። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደዚያ ይጎርፋሉ፤ የቧንቧው ግድግዳ ያብጣል፣ ውስጡ አክታ ይሞላል፣ ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል። አየሩ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ይቸግራል። ለዚህ ነው አስም ያለባት ድመት ትንፋሿን ስታስወጣ ሆዷ ሲገፋ የምታዩት፤ ጆሯችሁን ብታስጠጉ ሲር ሲር የሚል ፉጨት ይሰማል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የድመት ጤና ማዕከል እንደሚለው ከመቶ ድመት ከአንድ እስከ አምስት የሚሆኑት ይህ ሕመም አለባቸው፤ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በአራትና በአምስት ዓመት ዕድሜያቸው ነው። ሕመሙ ወደ ሰው አይተላለፍም። አስም ያለበትን ሰው ድመት ልታስነሳበት ትችላለች፣ ያ ግን በምራቋና በቆዳዋ ካለ ፕሮቲን የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን አንድ ነገር በእጃችሁ ላስይዛችሁ። ድመቷ ተኝታ ሳለ ጎኗን ተመልከቱ። አንዴ ከፍ ብሎ አንዴ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ይዛችሁ ቁጠሩ። ከ30 በታች ከሆነ የትንፋሿ ፍጥነት ደኅና ነው። ሳትሮጥ፣ ሳትፈራ፣ አርፋ ተኝታ ሳለ ከ40 ካለፈ ሐኪም ያስፈልጋታል። አፏን ከፍታ የምታለከልክ ከሆነ ወይም ድዷና ምላሷ ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ያ እስከ ነገ የሚያድር ነገር አይደለም። ስታስልም በስልካችሁ ቅረጿት። ድመት ብዙ ጊዜ ሐኪም ፊት አታስልም፤ የእናንተ የግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከአሥር ጥያቄ ይበልጥበታል። ፀጉር የምታስመልስ ድመት በመጨረሻ አንድ ነገር ትተፋለች፤ አስም ያለባት ግን ደጋግማ ስላ ምንም ሳይወጣት ትቀራለች።

ያሳላት ሁሉ ግን አስም አለባት ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ የግራና ድመት ከከተማ ድመት ትለያለች። የእኛ ድመት አዳኝ ናት። አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት የምትበላ ድመት የሳንባ ትል ሊይዛት ይችላል። የትሉ እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ቀንድ አውጣውን አይጥ ወይም ወፍ ይበላዋል፣ አይጡን ድመት ትበላዋለች፣ ትሉ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ሳሉ ቁርጥ የአስም ሳል ነው። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ገጠር መጀመሪያ ዓይነ ምድሯን አስመርምሩ፤ ምርመራ ከሌለም ሐኪሙ የትል መድኃኒት አስቀድሞ መስጠቱ ተገቢ ነው። ለበግና ለፍየል የምናውቀው ፌንቤንዳዞል ለዚህ ትል ይሠራል፣ መጠኑን የሚወስነው ግን ክብደቷን የመዘነ ሐኪም ነው። አልቤንዳዞልን ግን ከቤታችሁ አንስታችሁ አትስጧት፤ ድመት ላይ ደም የሚያመነጨውን መቅኔ ሊጎዳ ይችላል።

ሁለቱም ለትል ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ሱቅ ይገዛል፣ ታዲያ አንዱ አድኖ ሌላው ለምን ይጎዳል? ወደ ዋናው ነገሬ የሚወስደኝ ይህ ጥያቄ ነው። ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም። ትንሽ በግም አይደለችም። የድመት ዘር ለብዙ ሺህ ትውልድ ሥጋ ብቻ እየበላ የኖረ ነው። ቅጠል የሚበላ እንስሳ ዕፅዋት በውስጣቸው የሚደብቁትን መርዝ የሚያበርድበት መሣሪያ በጉበቱ ያስፈልገዋል። ሥጋ በሊታዋ ድመት አላስፈለጋትም። በጊዜ ብዛት ከዚያ መሣሪያ ውስጥ አንዱ ዋነኛ ኢንዛይም ከሥራ ውጭ ሆነባት፤ ዘረ መሉ ዛሬም በሰውነቷ አለ፣ ግን የተሰበረ ነው። እኛ ውስጥ በሰዓታት ታጥቦ የሚወጣ መድኃኒት እሷ ውስጥ ቀን ከሌሊት ይከማቻል። አስፕሪን እንዲህ ነው።

ፓራሲታሞልማ ከዚህም የከፋ ነው። አንዲት ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ አንዲት ድመት ልትገድል ትችላለች። ድዷ ወደ ቡኒ ይለወጣል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ደሟ ኦክስጂን መሸከም ያቆማል። ትኩሳት መሰላችሁ፣ ራሷን ያመማት መሰላችሁ፣ እባካችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። ለውሻ ቁንጫ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላል። እነዚህ ከፋርማሲ የወጡ ናቸው። ከጓሮ የወጡትም ያው ናቸው። በመስኖ የምናለማው ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ደሟን ያፈርሳል። ባሕር ዛፍ ቀቅለን ስንታጠን እኛን ደረታችንን ይከፍትልናል፤ ድመት ላይ ግን የዘይቱ ጠብታ ፀጉሯ ላይ ያርፋል፣ እሷም ራሷን ስታጸዳ ልሳ ትውጠዋለች። ከውጭ የሚመጡ «የተፈጥሮ» የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ የሽቶ ዘይት ጠርሙሶችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም።

ስለዚህ «ባህላዊ ይሻላል ወይስ ዘመናዊ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ፣ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ በድመት ሰውነት ላይ ተፈትኗል ወይ? ይህን ስል የባህል ሐኪሞቻችንን አቃልዬ አይደለም። ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ከምታዩት የአስም መድኃኒት አንዳንዱ መነሻው ተክል ነው። ሄንሪ ሃይድ ሶልተር የሚባል የለንደን ሐኪም ነበር፣ እሱ ራሱ አስም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተመው መጽሐፉ ለአስም ወፍራም ቡና መክሯል። የእኛው ቡና! እውነት ነበረው፤ ካፌይን ቧንቧውን በጥቂቱ ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ1888 አልብሬሽት ኮሰል የተባለ ጀርመናዊ ከሻይ ቅጠል ቴኦፊሊን የሚባለውን አወጣ፤ የካፌይን የሥጋ ዘመዱ ነው። ቴኦፊሊን በኋላ ለሰው አስም ዋና መድኃኒት ሆነ፤ ዛሬም አንዳንድ የእንስሳት ሐኪሞች ለድመት ያዝዙታል። ግን ቡናውን ድመት ብታጠጡ ትመርዟታላችሁ። ቴኦፊሊን የሚሰጣት በድመት ላይ ተለክቶ፣ በእሷ ክብደት ተመዝኖ ነው።

በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አስተናግርን ተመልከቱ። እረኛ ሁሉ የሚፈራው፣ የበላውን የሚያቃዠው ተክል ነው። ሕንዶች የዚህን ዘመድ እያጨሱ አስም ያክሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ ልማዱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ በኋላም የአስም ሲጋራ እየተባለ በየሱቁ ተሸጠ። ውስጡ ያለው አትሮፒን ነው። ኬሚስቶች አትሮፒንን መነሻ አድርገው ኢፕራትሮፒየም የሚባለውን የሚነፋ መድኃኒት ሠሩ። ከአስተናግር እስከ ኢፕራትሮፒየም ያለው መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ያ ሁሉ ዘመን የሄደው መርዙን ከመድኃኒቱ ለመለየት ነው። አያቶቻችን መንገዱን ጀምረውታል፤ እኛ ቅጠሉን በቀጥታ ድመት አፍ ውስጥ ስንከት መንገዱን ሁሉ ዘለን መጨረሻው ላይ የደረስን መስሎን ነው።

ታዲያ ጓሮው ምንም አይረዳትም ማለት ነው? ይረዳታል፤ እጅግ ይረዳታል። ግን በሚጎረሰው ሳይሆን በሚተነፈሰው በኩል ነው። ከሁሉ በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ካይሮ የሚኖር ሙሴ ማይሞኒደስ የሚባል አይሁዳዊ ሐኪም ነበር፤ የሳላዲንን ቤተሰብ ያክም ነበር። አስም ላለበት አንድ ታላቅ ሰው በዐረብኛ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈለት። መድኃኒት መዘርዘሩ አልቀረም፣ ነገር ግን ደጋግሞ የሚመለስበት ነገር አየር ነው። የከተማ አየርን፣ ጢስንና ጠረንን እያነሳ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂድ ይለዋል። ከመድኃኒት ባሻገር አኗኗርንም የሚያይ ሁለንተናዊ ሕክምና የሚሉትን ነገር እኔ በዚህ መንገድ ነው የምረዳው።

አሁን ቤታችንን እንይ። ሦስት ጉልቻ። እርጥብ እንጨት፣ ኩበት፣ የማሽላ አገዳ። እንጀራው የሚጋገረው እዚያው፣ ቡናው የሚፈላው እዚያው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ዕጣን ይጨሳል፤ ወዳጃ ሲሆን አድሩስ ይጨመራል። አራስ ስትኖር የወይባው ጢስ አለ። ወተት ለመናጥ ዕቃው በወይራ ይታጠናል። ይህን ሁሉ እወደዋለሁ፤ የወሎ ቤት ጠረን ነው፣ ከሩቅ አገር ሆኜም ሲሸተኝ ዓይኔ ያነባል። ግን ድመቷ የምትተኛው የት ነው? ምድጃው ሥር ነው፤ አመዱ ይሞቃታላ። ሌሊቱን ሙሉ የቀረውን ጢስ ትስባለች፣ አመዱ ፀጉሯ ላይ ያርፋል፣ ጠዋት ትልሰዋለች። ጢስ በሳንባም በምላስም ይገባታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲጋራ በሚጨስበት ቤት የሚኖሩ ድመቶች ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር የሚይዛቸው ከሌሎቹ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳትመዋል። ያ ሲጋራ ነው። የእኛን ሦስት ጉልቻ አስቡት።

ይህንንም ስል ስለ ድመት ብቻ አልተናገርኩም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰው መሞቱን ይገምታል። ድመቷ ከምትተኛበት ምድጃ ፊት እናት በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጣለች? ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንስ? ድመቷ ስታስል ቤቱ እያሳለ ነው። ለእሷ ብላችሁ ምድጃውን ብታስተካክሉ፣ ሁላችሁም ትተነፍሳላችሁ።

ከሚሠራው ነገር ጥቂቱን ልንገራችሁ። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ አገራችን ውስጥ የተሠራ ነው፤ እሳቱን ዙሪያውን ዘግቶ ይይዘዋል፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፣ ጢሱም ይቀንሳል። አቅም ከሌለ ምድጃውን ወደ ዳስ ማውጣት ብቻውን ለውጥ ያመጣል። በተቻለ መጠን የደረቀ እንጨት ብቻ ይነደድ። ለድመቷ ከበሩ አጠገብ ወይም ጎታው ላይ፣ ከጢሱ ራቅ ያለ ቦታ፣ ታጥቦ የሚደርቅ ጨርቅ አንጥፉላት፤ ጨርቁን በየሳምንቱ እጠቡት። ውቂያ ሲሆን እብቁ እስኪበርድ ድረስ እነዚያን ቀናት ቤት አስቀምጧት። ዕጣን በሚጨስበት ሰዓት ውጭ ትሁን፤ ለእሷ በሩን መክፈት ይበቃል። ፍሊት ስትረጩም እንዲሁ። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ድመታቸው የምትጸዳዳበት አሸዋ አቧራው እንደሚያሳላት ያውቃሉ፤ የእኛዋ ውጭ ወጥታ ስለምትቀብር ከዚህኛው ተገላግላለች።

ሌላው «ተፈጥሯዊ» የሚባለው ነገር በአጭሩ። የዓሣ ዘይት የሳንባውን ቁጣ ጥቂት ሊያበርድ እንደሚችል አንዳንድ ጥናት ያመለክታል፤ መድኃኒቱን ግን አይተካም። ከሐይቅ የመጣ የዓሣ ራስ ለድመት ጥሩ ምሳ ነው፣ እንደ መድኃኒት ግን አትቁጠሩት። አኩፓንክቸር የሚባለው በመርፌ የመውጋት ሕክምናም ሆነ ሆሚዮፓቲ የሚባለው የድመትን አስም እንደሚያድን አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ለሰው አለርጂ የሚሰጡት ፀረ ሂስታሚን ክኒኖችም በድመት አስም ላይ ሲፈተኑ አልሠሩም። ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም።

አየሩ ከጠራ በኋላ ሳሉ ካልቆመ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በግልጽ ልናገር፤ ስቴሮይድን የሚተካ ቅጠል አላውቅም። የሳንባውን ቁጣ የሚያበርደው እሱ ነው። ለድመት የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ነው። ፕሬድኒሶን የሚባል ስሙ የሚመሳሰል መድኃኒት አለ፤ የሰው ጉበት ፕሬድኒሶንን ወደ ፕሬድኒሶሎን ይለውጠዋል፣ የድመት ጉበት ግን በደንብ አይለውጠውም። አንዲት ፊደል ናት፣ ግን ድመቷን ሳትታከም ታስቀራታለች። ካርቶኑን አንብቡ። ሐኪሙ በየቀኑ እንድትወስድ ያደርግና በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። በድንገት አታቋርጡት። ሳሉ ስለጠፋም ቁጣው በርዷል አትበሉ፤ ድመቷ ደኅና መስላ ሳንባዋ ውስጥ ቁጣው ሊቀጥል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተሰጠ ስቴሮይድ ደግሞ ስኳር በሽታ ሊያመጣባት ይችላል፤ ውኃ መጠጣት ካበዛች፣ ሽንቷ ከበዛ፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

ለዚህ ነው የሚነፋው መድኃኒት የተሻለው፤ ሳንባውን ይመታል፣ ሌላውን ሰውነት ብዙም አይነካም። ፍሉቲካዞን የሚባለው ስቴሮይድ በፓፍ ይሰጣል፤ ሙሉ ጉልበቱ የሚታየው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ እስከዚያ ክኒኑ አብሮ ይቀጥላል። ሳልቡታሞል፣ ቬንቶሊን የምትሉት፣ ቧንቧውን በደቂቃዎች ይከፍታል፤ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚያድናት እሱ ነው። ግን ጡንቻውን ያላላል እንጂ ቁጣውን አያበርድም። ሳልቡታሞል ብቻ እየሰጡ መኖር ቤቱ እየተቃጠለ መስኮት መክፈት ነው።

ድመት ትንፋሽሽን ሳቢ ብትባል አትስብም። ስለዚህ በመካከል አንድ ቱቦና አንድ ጭምብል ያስፈልጋል። ኤሮካት የሚባለው የካናዳ ሥሪት ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ከዓረብ አገር የተመለሳችሁ እኅቶቼ ምናልባት በአሠሪዎቻችሁ ቤት አይታችሁት ይሆናል። ጭምብሉ አፍና አፍንጫዋ ላይ ይደረጋል፣ መድኃኒቱ ቱቦው ውስጥ ይነፋል፣ ከሰባት እስከ አሥር ጊዜ እስክትተነፍስ ይጠበቃል። ይህን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኬፕታውን ላይ አስም የተነሳባቸው ልጆች በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ በተሠራ ቱቦ ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት ሲሰጣቸው፣ ከፋብሪካው ቱቦ ያላነሰ እንደሠራላቸው ታይቷል። ያ በልጆች ነው። እኔ ሐኪም ባለበት ለድመት ሠርቼ ተጠቅሜበታለሁ፤ ብቻችሁን ግን አትሞክሩት።

ሐኪሙስ የት አለ ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የእንስሳት ሕክምናችን የተገነባው በከብት ዙሪያ ነው። ምክንያት ነበረው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ ያመጣውን ክፉ ቀን ወሎ አይረሳውም። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው፣ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲውም እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው፣ ከብቱ ዳግም እንዳያልቅ ነው። ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ሲታወጅ፣ እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት በመውጣቴ ኮርቻለሁ። ይህ ማለት ግን በከብት ዙሪያ የተማረው ሐኪም ድመትን አያውቅም ማለት አይደለም። የቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፕሬድኒሶሎንን ያውቃል፣ የሳንባ ትልን ያውቃል። ድመት ሲያክም የማታዩት ድመት ይዞለት የሚመጣ ሰው ስለሌለ ነው። በቅርጫት፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ ውሰዷት። ሲስቁባችሁ ዝም በሉ።

ሐኪሙ ፓፉን ካዘዘላት ደግሞ ጭምብሉን ለማስለመድ አትቸኩሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምግቧ አጠገብ አስቀምጡት፣ ታሽተው። ቀጥሎ ጫፉ ላይ ጥቂት ወተት ቀቡና ትላሰው። ከዚያ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ፊቷ ላይ አስጠግታችሁ መልሱት። ካስገደዳችኋት በሁለተኛው ቀን ጎተራ ሥር ገብታ አታገኟትም፤ ጭንቀቱ ራሱ ትንፋሿን ያሳጥረዋል።

እናቴ አሁን ቡላ የምትባል ድመት አለቻት። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ በውቂያ ሰሞን እሷም ማሳል ጀመረች። እናቴ ነጭ ሽንኩርት አልወቀጠችም። ቪዲዮ ላከችልኝ። መጀመሪያ ለትል ታከመች፣ ሳሉ አልቆመም። ምድጃው ወደ ዳሱ ወጣ፣ ሳሉ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም። ከዚያ ሐኪም አይቷት ፕሬድኒሶሎን ጀመረች፣ ከዚያ ፓፉ መጣ። ጭምብሉን ለመልመድ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶባታል። አሁን ማታ ማታ ቡላ በሩ አጠገብ ጨርቋ ላይ ስትተኛ፣ እናቴ ስልኳን ይዛ አጠገቧ ትቀመጥና ጎኗን ትቆጥራለች። ከዚያ ትደውልልኛለች። ሰላምታ ሳትሰጠኝ፣ «ሃያ ስድስት ነው» ትለኛለች።